አንድ ኢንች የማይሞላው አንድ ኢንች

ሰው ሁሉ ጋሽ ኢንች ይለኛል። ስሙን ያወጡልኝ አብረውኝ ቧንቧ የሚዘረጉ ሰዎች ናቸው። ሊያሾፉብኝ ነበር ያወጡት፤ እኔ ግን እንደ ሹመት ተቀበልኩት። ካሊፐሬን ኪሴ ሳልከት ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ካሊፐር የያዘውን ነገር በሁለት መንጋጋው ነክሶ ውፍረቱን እስከ ሚሊሜትር ሽራፊ የሚናገር የብረት መለኪያ ነው። ሰው ይዋሻል፣ ሚዛንም ይዋሻል፣ ካሊፐር ግን አይዋሽም እያልኩ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። በዚሁ ጠባዬ የቤተሰቤን ትልቅ ቀን ለጥቂት ገደል ልከተው ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀሚስ ነው። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ልጃችን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ሚጡ ነው የምንላት። ሚጡ ትያትር ቤት ገብታ ሦስት ዓመት ሙሉ በር ስትከፍትና ትሪ ይዛ ስትገባ ከርማ፣ ዘንድሮ ዋናዋን ሴት እንድትጫወት ተመረጠች። የሰማን ቀን ጮቤ ረገጥኩ። ባለቤቴ ግን ተነስታ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አደረገችና የልጅቷን ትከሻ መለካት ጀመረች።

እናትና ልጅ በመርፌ ጉዳይ ሆድና ጀርባ እንደነበሩ መናገር አለብኝ። ሚጡ ግራኝ ናት። በልጅነቷ እናቷ ጥልፍ ልታስተምራት ስትል መርፌውን በግራዋ ያዘችው፤ «በግራ አይጠለፍም፣ በቀኝሽ ያዢ» ተባለች፤ በቀኟ ሞከረች፣ ተወጋች፣ ወረወረችው። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ እንኳ ቢበጠስባት ለእናቷ ነው የምታመጣው። ባለቤቴም ሙያዬ ከእኔ ጋር ሊቀበር ነው እያለች በየጊዜው ታማርራለች።

ቀሚሱ ጥቁር ሰማያዊ ከፋይ ጨርቅ ነው። በላዩ ላይ በጥቁር የሐር ክር ትንንሽ ወፎች ተጠልፈውበታል። ጥቁር በጥቁር ሰማያዊ ላይ። «ይሄን ማን ያየዋል?» ብላት «ብርሃን ያየዋል» አለችኝ። በመጨረሻው ትዕይንት መድረኩ ይጨልምና ሚጡ ፋኖስ ይዛ ብቻዋን ትወጣለች። ፋኖሱ ወደ ልብሱ ሲጠጋ ወፎቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ባለቤቴ ሦስት ወር ዓይኗን ያፈሰሰችው ለዚያች ለአራት ደቂቃ ነው።

ከዚያ ወደቀች። ቁም ሳጥን ላይ ያለ የክር ካርቶን ላውርድ ብላ በርጩማ ላይ ወጥታ፣ በርጩማው ከዳት፣ እግሯ ተሰበረ። ከጉልበቷ በታች በጀሶ ታስራ አልጋ ላይ ዋለች። ቀሚሱ ሊያልቅ የግራው እጅጌ ጫፍ ላይ ሦስት ወፎች ብቻ ቀርተውት ነበር። በማግስቱ የትያትር ቤቱ ሰዎች ለልምምድ ያስፈልገናል ብለው እንዳለ ወሰዱት።

ባለቤቴን ከስብራቱ በላይ ያመማት ይኸው ነው። አዘጋጁ ሚጡን ፋኖሱን በግራ እጅሽ ያዢ ብሏታል። «እንግዲህ ብርሃኑ በቀጥታ ባዶው እጅጌ ላይ ሊያርፍ ነው። ሰው ሁሉ ጨርሳ አልሰፋችውም ይለኛል» እያለች ሦስት ሳምንት ተከዘች። ሚጡ ደግሞ «እማዬ፣ አታስቢ፣ አይታይም» ከማለት ሌላ መልስ የላትም። በዚያ ሰሞን የቀኝ እጇ ጣቶች ላይ ፕላስተር ተለጣጥፎ አይቼ ምን ሆነሽ ብላት የመድረክ ሚስማር ነው አለችኝ። እኔም አመንኩ።

ትያትሩ የሚታየው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ከዚያ አዳራሹ ለጥገና ይዘጋል። ይህንን የማውቀው ቧንቧውን የምቀይረው እኔ ስለሆንኩ ነው። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ላይ ነው፤ ባለቤቴን ከነጀሶዋ ተሸክሜ ላውርድሽ ብላት ሁለታችንም ጎን ለጎን እንተኛለን አለች። ትያትር ቤቱ ደግሞ ስልክ በር ላይ ይሰበስባል። ፍላሽ ክልክል ነው። አዘጋጁ የመጸዳጃ ቤታቸውን ቧንቧ የጠገንኩበትን ውለታ ቆጥሮ ለእኔ ብቻ አንድ ነገር ፈቀደ። «ጋሽ ኢንች፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጡ። ድምፅ የሌላት ኪስ የምትገባ ካሜራ ትሁን። እንደ መድፍ የረዘመ ነገር ይዘው እንዳይመጡብኝ።»

ባለቤቴ ይህንን ስትሰማ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትራሷን ደገፍ ብላ ቀና አለች። «የልጅቷን ጥርስ አይደለም የምፈልገው» አለች። «ጥርሷን በየቀኑ አያለሁ። ጥቁሩ ከሰማያዊው ተለይቶ ይታየኝ። እጅጌውም ምን ያህል እንዳሳፈረኝ ልወቀው። ወፎቹ የማይታዩበት ፎቶ ከሆነ አታምጣብኝ፤ ለብል ነው የሰፋሁት ማለት ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ካሜራ መሸጫው ሲከፈት ቀድሜ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሻጯ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ቀጭን ልጅ ናት። ሁለት ካሜራ አውጥታ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችልኝ። አንደኛዋ ብርማ ናት፤ ሃያ ሜጋፒክስል፣ ማለትም ሥዕሉን በሃያ ሚሊዮን ነጥብ የምትሠራ፣ የሩቁን ሠላሳ ጊዜ የምታቀርብ። ሁለተኛዋ ጥቁር፣ ትንሽ ወፈር ያለች። እሷም ሃያ ሜጋፒክስል ናት፤ የምታቀርበው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ዋጋዋም ከፍ ያለ።

«ልጄ፣ ነጥቡ እኩል፣ የምታቀርበው ያነሰ፣ ዋጋው የበለጠ። ሞኝ ፈልገሽ ነው?»

«አባባ፣ የት ነው የሚያነሱት?» አለችኝ።

ስለ ጨለማው፣ ስለ ፋኖሱ፣ ስለ ጥቁሩ ክር ነገርኳት። ሳልጨርስ ብርማዋን በጣቷ ገፋ አደረገቻት።

«እንግዲያው ሴንሰሩን ነው ማየት። ከሌንሱ ጀርባ ብርሃኑን የሚቀበል ትንሽ ገበታ አለ፤ ሴንሰር የሚባለው እሱ ነው። ሃያ ሚሊዮኑ ነጥብ የተደረደረው እሱ ላይ ነው። የዚችኛዋ ገበታ ትንሽ ስለሆነ ነጥቦቹ ተጨናንቀው፣ እያንዳንዱ በጣም ትንሽ ሆኗል። የጥቁሯ ግን በስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። ነጥቡ ሰፊ ስለሆነ በጨለማ ውስጥ ያለችዋን ጥቂት ብርሃን ይለቅማል።»

ጆሮዬ ቆመ። ይህ የእኔ ሙያ ነው። «ቆይ ቆይ» አልኳት፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር። «ካፊያ ነው በይ! ካፊያ ሲያካፋ ጠርሙስ ደጅ ብታስቀምጪ ምን ታገኛለሽ? ጠብታ። ባልዲ ብታስቀምጪስ? አፉ ሰፊ ነዋ! ዝናቡ ያው ዝናብ ነው፣ ልዩነቱ አፉ ነው። ሃያ ሚሊዮን ጠርሙስና ሃያ ሚሊዮን ባልዲ!»

«ልክ ነዎት» አለች እየሳቀች። «ዶፍ ሲሆን ሁለቱም ይሞላሉ። ፀሐይ ላይ ልዩነቱን ብዙም አያዩትም። በካፊያው ጊዜ ነው የሚለያዩት።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አጠገቤ የቆመውን የማላውቀውን ሰውዬ ይዤ ደግሜ አስረዳሁት፤ ሰውዬው ባትሪ ሊገዛ ነበር የመጣው። ጥቁሯን ካሜራ አንስቼ በእጄ መዘንኳት። እዚያው ላይ ባቆም ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ጋሽ ኢንች ግን አያቆምም።

«ስንት ነው ገበታው?» አልኩ።

«አንድ ኢንች።»

ደስ አለኝ። ኢንች ዘመዴ ነው። ካሊፐሬን አወጣሁ። ካሜራው አይከፈትም አለችኝና ልኩ የተጻፈበትን ቡክሌት ገለጠችልኝ። አነበብኩ። ወርዱ አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር፣ ቁመቱ ስምንት ነጥብ ስምንት። ደግሜ አነበብኩ። አንድ ኢንች ሃያ አምስት ነጥብ አራት ሚሊሜትር ነው፤ ይህንን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እናገራለሁ። ይሄ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ቢለካ እንኳ አሥራ ስድስት አይሞላም።

«ዘጠኝ ሚሊሜትሬ የት ሄደ?» አልኳት።

«እ?»

«አንድ ኢንች ብለሽኛል። ዘጠኝ ሚሊሜትር ጎድሏል። ማን ወሰደው?»

«አባባ፣ ስሙ ነው እኮ። ድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ውስጥ የመስታወት ቱቦ ነበር። የሚጠራው በቱቦው የውጭ ልክ ነበር፤ ሥዕሉ የሚያርፍበት የውስጡ ከዚያ ያንሳል። ቱቦው ጠፋ፣ አጠራሩ ቀረልን።»

«ስም?» ደሜ ፈላ። «ኢንች ስም ነው? ኢንች ልክ ነው! እኔ አንድ ሚሊሜትር ባጎድል የሰው ቤት ይጥለቀለቃል። ካሜራችሁ በስሙ ከዋሸኝ በሥዕሉ ምን ሊያደርገኝ ነው?»

ልጅቷ ብዙ ታገለችኝ። ብርማዋም ላይ የተጻፈው ያው የኢንች ሽራፊ እንደሆነ፣ እሱም በዚያው በድሮው አጠራር እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከጥቁሯ ጋር ተጣልቻለሁ፤ የተጣላሁትን ደግሞ አልገዛም። ብርማዋን ገዝቼ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ትያትሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ባለቤቴ እስኪ ሞክራት አለች። መጋረጃውን ዘጋሁ። ከቀሚሱ የተረፈ ቁራጭ ከፋይ አለ፤ መጀመሪያ የሞከረቻት አንድ ወፍ የተጠለፈችበት። እሱን ወንበር ላይ አነጠፍኩና ትንሿን መብራት ራቅ አድርጌ አበራሁ። አነሳሁ። ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን የካሜራዋን መስኮት አየን።

«ወፏ የታለች?» አለች።

«እዚህ ጋ... አይ፣ እዚህ ጋ መሰለኝ።»

ወፍ የለችም። ሰማያዊውና ጥቁሩ ተዋውጠው አንድ ጭቃ ሆነዋል፤ በላዩ ላይ ቀይና አረንጓዴ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ደግሜ አነሳሁ። እጄን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ አነሳሁ። ያው ጭቃ ነው። ባለቤቴ ቁራጯን ከፋይ አንስታ በአውራ ጣቷ ወፏን ትዳብስ ጀመር።

«ሌላ ካሜራ አልነበረም?» አለች።

«ነበር። ግን ውሸታም ነው» ብዬ የዘጠኙን ሚሊሜትር ነገር ከነቁጣዬ አወራሁላት። የጠርሙሱንና የባልዲውን አፍ፣ የመስታወቱን ቱቦ፣ የድሮውን አጠራር፣ እኔ የመለስኩትን ሁሉ። ስጨርስ ታዝንልኛለች ብዬ ስጠብቅ ከአልጋው ጎን የተደገፈችውን ቁራጭ ቧንቧ አነሳች። ከወደቀች ጀምሮ ስትፈልገን የአልጋውን ብረት በእሷ ነው የምትቀጠቅጠው።

«ይቺ ስንት ናት?» አለችኝ።

«ግማሽ ኢንች።»

«ለካት።»

«ምን ያስለካኛል? ግማሽ ኢንች ናት። አርባ ዓመት የያዝኳት...»

«አንተ ሰውዬ፣ ለካት አልኩህ።»

ካሊፐሬን አወጣሁ። ከውጭ ነከስኳት፤ ሃያ አንድ ሚሊሜትር ከምናምን። ከውስጥ ለካሁ፤ አሥራ ስድስት። ግማሽ ኢንች ደግሞ አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ነው። ከውጭም አይደለም፣ ከውስጥም አይደለም። ቧንቧዋን አዙሬ በሌላኛው ጫፏ ለካሁ፤ ያው ነው።

«እና?» አለች። «ለምንድን ነው ግማሽ ኢንች የምትለኝ?»

«እሱማ ድሮ... የድሮ ቧንቧ ግድግዳው ወፍራም ነበር። ውስጡ ወደ ግማሽ ኢንች ይጠጋ ነበር። በኋላ ግድግዳው ቀጠነ፣ ውስጡ ሰፋ፣ አጠራሩ ግን...»

አፌን ያዝኩ። ከአፌ የወጣው የሻጯ ቃል ነው፤ ቱቦው ሳይቀር።

ባለቤቴ ጀሶዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሦስት ሳምንት ያልሳቀችውን ነው የሳቀችው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አርባ ዓመት ሰውን ሁሉ ግማሽ ኢንች እያልክ ያልሆነ ነገር ቀብረህለት፣ ዛሬ ሱቅ ገብተህ የሰውን ልጅ ሌባ ትላለህ? ተነስ! ውጣ! ያችን ባልዲ አፏን አምጣልኝ!»

ልክ ልኬን ነገረችኝ። አሥራ ስድስት ሚሊሜትር የሚለው ቁጥር ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ይደውላል። ልጅቷ አንድ ኢንች ያለችው ገበታ እኔ ግማሽ ኢንች የምለው ቧንቧ አፍ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል ማለት ነው። ደረጃውን እየወረድኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ሰዓቴን አየሁና ሳቄ ቆመ፤ ሰባት ሰዓት ተኩል። እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ላብ በላብ ሆኜ ሱቁ ስደርስ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አንድም ቃል ሳልናገር ጎንበስ ብላ ከመስታወቱ ሥር ጥቁሯን ካሜራ አወጣች። ባትሪዋ ሁሉ ተሞልቷል።

«እንደምመለስ በምን አወቅሽ?»

«ባልዲው የገባው ሰው ብዙ አይኮርፍም ብዬ ነው» አለች።

ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ስለ ቧንቧውም ነገርኳት፣ በጣም ደስ አላት። ብርማዋን ተቀብላኝ የጎደለውን ጨመርኩ። ድምፁን አጠፋችልኝ፣ ፍላሹን ዘጋችልኝ። «አያቅርቧት» አለችኝ ስትሸኘኝ። «ዙም ባደረጉ ቁጥር የሌንሱ አፍ ይጠብባል፣ ባልዲው ላይ ክዳን እንደማድረግ ነው። ከቅርብ ቁጭ ይበሉ፣ ክርንዎን ያስደግፉ፣ ሲጫኑ ትንፋሽዎን ይያዙ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን በር ላይ አስረክቤያለሁ። ከትያትሩ ግማሹን አልሰማሁትም፤ ካሜራዋን ኪሴ ውስጥ እየዳበስኩ የፋኖሱን ትዕይንት ነው የምጠብቀው። ሚጡ ስትናገር ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ሰው ዝም ይላል። ትሪ ይዛ ትገባ የነበረችው ልጄ ያንን ሁሉ ሕዝብ ዝም ስታሰኝ እኔ ጉልበቴን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ፤ ካልያዝኩት ተነስቼ ልጄ ናት እላለሁ።

ከዚያ መድረኩ ጨለመ። ከጥጉ በኩል አንዲት የፋኖስ ብርሃን ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ሚጡ። ቀሚሱ መጀመሪያ ጨለማውን መሰለ። ሁለት እርምጃ ተራመደች፣ ፋኖሱን ወደ ደረቷ አስጠጋች፣ ወፎቹ ተነሱ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «ውይ» ስትል ሰማሁ። ባለቤቴ ይህችን «ውይ» ሳትሰማ መቅረቷ አንገበገበኝ። ክርኔን የፊት ወንበሩ ላይ አስደገፍኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ተጫንኩ። ስድስት ጊዜ ተጫንኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር ምን እንዳነሳሁ የምታውቀው ካሜራዋ ብቻ ናት።

ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ እኔ በሩጫ ወደ ቤት። አራት ፎቅ ወጣሁ። ባለቤቴ ፀጉሯን አበጥራ፣ ትራሷን አስተካክላ ትጠብቀኛለች። ካሜራዋን ሰጠኋት።

ረጅም ጊዜ አየችው። ሰማያዊው ሰማያዊ ነው፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ የሐሩ ክር በፋኖሱ በኩል ቀጭን ብርሃን ይዟል። «ላባው ይታያል» አለች ቀስ ብላ። «አንተ፣ ላባው እኮ ይታያል!» እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ባልዲው ነው፣ የባልዲው አፍ ነው እላለሁ፤ አትሰማኝም። ምስሉን እያሰፋች ከአንገቱ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው በግራው ክንድ ወረደች። ፋኖሱ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«መነጽሬን አቀብለኝ።»

አቀበልኳት።

«ሦስቱም አሉ» አለች።

«ምኖቹ?»

«ወፎቹ። እጅጌው ላይ የቀሩት። አሉ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አዎ፣ ሦስት ወፎች። ሦስተኛዋ ምንቃሯ ትንሽ ተንሻፏል። «የትያትር ቤቱ ሰፊ ጨርሶት ይሆናል» አልኩ።

«አይደለም። የቀኝ እጅ ጥልፍ ክሩ በዚህ በኩል ነው የሚጋደመው። የእነዚህ ሦስቱ በተቃራኒ ነው የተጋደመው።» መነጽሯን አወለቀች። «ግራኝ ናት የጠለፈችው።»

የቀኝ እጇ ጣቶች ላይ የነበረው ፕላስተር ያን ጊዜ ገባኝ። መርፌው በግራዋ ነበር፤ የተወጋው ከፋዩን የያዘው ቀኟ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ለእናቷ ሳትነግር፣ የትያትር ቤቱ ጓዳ ውስጥ።

ባለቤቴ ካሜራዋን ደረቷ ላይ አስተኝታ አለቀሰች። «በግራ አይጠለፍም ያልኳት እኔ ነኝ» አለች። «ማን እንዲህ እንዳለ እንኳ አላውቅም። ሲባል ሰምቼ ነው።»

እኔ ካሊፐሬን ከኪሴ አውጥቼ ከግማሽ ኢንቿ ቧንቧ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ደረጃው ላይ የሚጡ እርምጃ ተሰማ፤ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ነው የምትወጣው። ባለቤቴ እንባዋን በአንሶላው ጠረገችና ቧንቧዋን አንስታ የአልጋውን ብረት ሦስት ጊዜ መታች። ልጅቷ ፊቷ ላይ የመድረክ ቀለም እንዳለ እየሮጠች ገባች።

«እማዬ፣ ምነው? አመመሽ?»

«መርፌና ክር አምጪ» አለቻት እናቷ፣ አልጋው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀችላት። «በግራሽ እንዴት እንደምትይዢው አሳዪኝ።»